በአባቴ ስልክ ላይ የቀሩት ቀይ መስመሮች

እኔ ነገር ሲበላሽብኝ እጮኻለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ እጮኻለሁ፣ ስልኬ ላይ እጮኻለሁ፣ አንዳንዴም አጠገቤ የተቀመጠ ምስኪን ሰው ላይ። አባቴ ደግሞ ዝም ይላል። ስፌት ሲጣመምበት ዝም ብሎ ይተረትረዋል፤ ክር ሲበጠስበት ዝም ብሎ ይቀጥለዋል። እማዬ «እኔ ምን አጥፍቼ ነው በዚህ በአንዱ ዝምታ፣ በዚያ በአንዷ ጩኸት መሐል የኖርኩት?» ትላለች።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከወልቂጤ ማዶ በልጅነቱ መጥቶ፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ትንሽ ወረድ ብሎ የታክሲ ፌርማታው ጋ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዷ ውስጥ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ያቺው አንድ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጧል። ዙሪያው ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ የእሱ ሱቅ በር ግን እስከ ዛሬ ከታች በእግር ካልተመታ አይከፈትም። ሰው ሲለካ የሚቆጥረው በጉራጊኛ ነው። ከዚያ ቁጥሩን በአማርኛ ጮክ ብሎ ይደግመውና ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። ደብተሩ ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ አለ፤ ትከሻው፣ ደረቱ፣ ወገቡ፣ የእጅጌው ርዝመት። ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደከሳ ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቀው አባቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ዓይኑ ደከመ። መነጽር ታዘዘለት። መነጽሩ ለመርፌ ቀዳዳ ረዳው፤ ለገዛ ጽሑፉ ግን አልበቃም። እውነቱን ለመናገር የአባቴን ጽሑፍ እኔም በጤነኛ ዓይኔ አላነበውም፤ ሦስቱና ስምንቱ መንታ ወንድማማች ናቸው። አንድ ቀን ቢሮ ሳለሁ እማዬ ደወለች።

«አባትሽ ከፋሲካ በኋላ ሱቁን እዘጋለሁ እያለ ነው» አለችኝ።

«ምን ሆኖ?»

«ደብተሩን ማንበብ አቃተኝ ይላል። የሰው ጨርቅ ከማበላሽ በክብር ልውጣ ይላል። እኔ ግን እሱን አውቀዋለሁ። ቤት ከዋለ ይታመምብኛል።»

እኔም አውቀዋለሁ። አባቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንኳን አርፎ አይቀመጥም፤ እንግዳ ሊጠይቀን ሲመጣ የእንግዳውን ኮሌታ ነው የሚመረምረው። ያለ ስፌት መኪናው ምን ሆኖ እንደሚውል ማሰብ አልፈለግኩም።

የኔ ሥራ የስልክ አፕ መሥራት ነው። ዘነበወርቅ አካባቢ ፎቅ ላይ አንዲት ትንሽ ቢሮ አለችን። እዚያ የኔ ድርሻ ሰው ስልኩ ላይ የሚያየውን ገጽ መደርደር ነው፤ ጽሑፉ የት ይቁም፣ ሥዕሉ ምን ያህል ይስፋ፣ በጣት የሚነካው ነገር የት ይቀመጥ የሚለውን። የእማዬን ስልክ እንደዘጋሁ ወሰንኩ። ለአባቴ የልክ መዝገብ የሚሆን አፕ እሠራለታለሁ። ስልኩ ላይ ፊደሉን የፈለገውን ያህል አትልቆ ያነባል፤ ደብተሩ ይቀራል፤ ሱቁም አይዘጋም።

ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ሁሉ ሠራሁት። ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና ቆንጆ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሄጄ ስልኩ ላይ ጫንኩለትና እንዴት እንደሚሠራ አሳየሁት። ያሳየሁት ግን በራሴ ስልክ ነው፤ የሱ ስልክ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ነበር።

«እዚህ ስም ትጽፋለህ። እዚህ ትከሻ፣ እዚህ ደረት፣ እዚህ ወገብ። ሲያልቅ ከታች አስቀምጥ የሚለውን ትነካለህ። በቃ!»

አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ራሱን ነቀነቀ። «እጅሽን ይባርከው» አለኝ። ግንባሬን ሳመኝ። በታክሲ ወደ ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። «አባዬ፣ አፑስ?»

«እሱማ ግሩም ነው!»

«ይሠራል?»

«ምን ጥያቄ አለው! ተባረኪ።»

እኔም ቢሮ ውስጥ ስኮራበት ከረምኩ። የሥራ ባልደረቦቼን በአባቴ ምስክርነት አሰለቸኋቸው።

እንዲህ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሳልነግረው ሱቁ ሄድኩ። አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ አዲስ ሱሪ ሊወስድ መጥቶ ከመጋረጃው ኋላ እየለካ ነበር። ረጅም ሰው ነው፤ የአባቴን ሱቅ በር ጎንበስ ሳይል አያልፍም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሲወጣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቶ፣ ካልሲው ሙሉ በሙሉ ይታያል። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

አባቴ ተነስቶ ቆመ። ፊቱ እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

ዘበኛው ወደ ታች ተመለከተ፣ አባቴን ተመለከተና ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ምንም አይጨነቁ። እንዲያውም ለክረምት ይመቸኛል። የቀራንዮ ጭቃ አይደርስበትም።»

«ና አውልቀው» አለ አባቴ። «ስምንቱን ሦስት ብዬ አንብቤዋለሁ። ታች ውስጡ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ አለው፤ አወርድልሃለሁ።»

ሰውየው የድሮ ሱሪውን ለብሶ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ቆንጆ ነው» እያለ ወጣ። በይሉኝታ የሚበልጠን ሕዝብ ካለ ይምጣ።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። «አባዬ፣ ስምንቱን ሦስት ብለህ ያነበብከው ከምን ላይ ነው? ልኩ አፑ ላይ የለም እንዴ?»

አባቴ ካውያውን አነሳ። ያልተሰካ ካውያ ነው። ባልተሰካ ካውያ የሰውየውን ሱሪ መተኮስ ጀመረ።

ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ አፑን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እኔው ራሴ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ጠበቀኝ። «እስካሁን የተመዘገበ ልክ የለም» ይላል። አንድም ሰው አልተመዘገበም። ልብስ የሚተኮስበትን ብርድ ልብስ ገለጥ ሳደርገው ደብተሩ ከሥሩ ተኝቷል።

«የማስቀምጥበትን አላገኘሁትማ» አለ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሙን እጽፋለሁ፣ ልኩን እጽፋለሁ። ከዚያ አስቀምጥ ያልሽው የለም። ስወጣ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ሞከርኩት።»

«ታዲያ ግሩም ነው ስትለኝ የከረምከው?»

«ደክመሽበታላ! ጥፋቱ የኔ መሰለኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ አላወቅኩበትም አልኩ። አንቺን ምን ብዬ ላሳዝንሽ?»

ጮህኩ። አባቴ ላይ አይደለም፤ ስልኩ ላይ፣ ራሴም ላይ። ፌርማታው ጋ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» እያለ ይጣራ የነበረው የታክሲ ረዳት ጥሪውን አቋርጦ ዞሮ አየኝ።

መመዝገቢያ ገጹን ከፍቼ አየሁት። አባቴ ስልኩ ላይ ፊደሉን እስከ መጨረሻው አትልቆታል፤ ማድረግም ያለበት ይህንኑ ነበር። እኔ ግን እያንዳንዱን ጽሑፍ ያስቀመጥኩት በራሴ ስልክ፣ በራሴ ትንሽ ፊደል ልክ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ «ትከሻ» የሚለው አናቱ ተቆርጧል። «ደረት» ግማሹ ብቻ ይታያል። ከሥር ያሉት ሁሉ እየተገፉ ወርደው፣ «አስቀምጥ» የሚለው ከነጭራሹ ከስክሪኑ ውጭ ወድቋል። ገጹ ወደ ላይ እንዲሳብ አላደረግኩትም፤ በኔ ስልክ ላይ ስለበቃኝ አላሰብኩትም። አባቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲፈልግ የከረመው እዚያ የሌለ ነገር ነበር። ይህን ሳውቅ እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

«ቆይ፣ ላሳይህ» አልኩት።

በኛ ሥራ አንድ ዘዴ አለ። ስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ፣ ለአፕ ሠሪዎች ብቻ የታሰበ ክፍል አለ። እሱ ሲከፈት በስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ ጽሑፉም ሥዕሉም፣ ዙሪያው በቀጭን መስመር ይታጠራል። የቱ ሳጥን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የቱ የቱን እንደገፋው በዓይን ይታያል። ክፍሉን ለመክፈት ግን አንዱን ቦታ ሰባት ጊዜ በጣት መንካት ያስፈልጋል።

አባቴ ስነካ ይቆጥራል። «ሰባቴ? ኢያሪኮን ልታፈርሺ ነው እንዴ?»

«አይ፣ አጥሩን ልሠራ ነው።»

መስመሮቹ ብቅ አሉ። ቀይ መስመር በየጽሑፉ ዙሪያ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ሰማያዊ፣ በመሐል ለክፍተት በተተወው ቦታ ላይ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሮዝ። አባቴ መነጽሩን አስተካከለና ስልኩን ከእጄ ወሰደው። አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። ከዚያ ጮክ ብሎ ሳቀ።

«ይሄ እኮ ጠመኔ ነው!»

«ምን?»

«ሳልቆርጥ በፊት ጨርቁ ላይ የማሰምረው! ይሄ እጅጌ፣ ይሄ ኮሌታ፣ ይሄ ኪስ ብዬ። እኔ ስልክ ውስጥ ያለው ነገር በአስማት የቆመ ይመስለኝ ነበር። እናንተም ለክታችሁ ነው የምትቆርጡት?»

«ለክተን ነው።»

«እንዲህ ነው የለካሽው?» አለና ጣቱን «ትከሻ» የሚለው ላይ አሳረፈ። «ይሄ ልጅ ልብሱ ጠቦታል። አንገቱ ላይ ታንቋል፣ አታዪውም? ይቺስ ባዶዋ ምንድን ናት?»

ከላይ አንድ ሰፊ ቀይ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ምንም የለም። አንድ ቀን ሥዕል አስገባበታለሁ ብዬ የተውኩት ነው። ያለ መስመሩ አይታይም፤ ቦታ ግን ይይዛል። «ማንም የለበትም» አልኩት።

«ማንም የሌለበት ቤት ሰፊ ቦታ ይዞ፣ አስቀምጥ ውጭ ያድራል? ግፍ ነው!»

እየሳቅኩ ነበር፤ ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን ሳቄን አስቆመው።

«ስንት ጊዜ ፕሮቫ አደረግሽኝ?»

ፕሮቫ ማለት አባቴ ልብሱን ሳይጨርስ፣ በሰፊ ስፌት ብቻ እንደተያያዘ፣ ባለቤቱን ጠርቶ አልብሶ የሚያይበት ነው። ያለ ፕሮቫ ከሱቁ የወጣ ኮት የለም። እኔ ግን አንድም ጊዜ አፑን በእጁ አስይዤ፣ «እስቲ ያንተኑ ስልክ ክፈት፣ አንተ ጻፍ፣ እኔ ልይህ» አላልኩትም።

«አንድም ጊዜ» አልኩ።

«በራስሽ ገላ ለክተሽ ለኔ ሰፋሽ» አለ። ሲቆጣ አይደለም፤ ተለማማጅ ሲያስተምር በሚናገርበት ድምፅ ነው። «አስሬ ለኪ፣ አንዴ ቁረጪ። ደግሞ ትርፍ ተዪ። ያ ሰውዬ ሱሪው የዳነው ትርፍ ስለተውኩ ነው። ለልጅ ልብስ ስሰፋ ሁለት ጣት እተዋለሁ፤ ልጅ ያድጋል። ፊደልስ አያድግም ያለሽ ማን ነው?»

በቢሮዬ ግምገማ ላይ ብዙ ተተችቻለሁ፤ እንደዚህ አጭርና ትክክለኛ የሆነ ግን ሰምቼ አላውቅም። የምሳ ሰዓቴ አልቆ ስለነበር ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ታክሲው ሮጥኩ።

በችኮላዬ መስመሮቹን ማጥፋት ረሳሁ።

በማግስቱ እማዬ ደወለች። «አባትሽን ምን አድርገሽው ነው? ቁርስ ላይ ተቀምጦ የሰው አፕ እየተቸ ነው።»

ለካ መስመሮቹ የሚታዩት በኔ አፕ ላይ ብቻ ስላልሆነ አባቴ በስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ እየከፈተ መፈተሽ ይዟል። ሱቅ የመጣ ሰው ሁሉ «ስክሪኑ ተሰነጠቀብዎት እንዴ?» ይለዋል። አንዱ ደንበኛ ጎበዝ ጠጋኝ አውቃለሁ ብሎ ሊወስድለት ተነስቶ ነበር። አባቴ ደረቱን ነፍቶ «የተሰነጠቀ አይደለም፤ ልጄ ያሰመረችልኝ ነው» ይላል። ከዚያ ሰውየውን አስቀምጦ ያስረዳዋል።

ለኔም ቢሮ ይደውልልኝ ጀመር። «ይሄ የአየሩን ሁኔታ የሚያሳየው፣ የግራውና የቀኙ ክፍተት እኩል አይደለም። የሠራው ልጅ ቸኩሏል። ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም አባዬ።»

«ብታገኚው ፕሮቫ አድርግ በይው።»

ላጥፋልህ ብለው እምቢ አለ። «ተዪው፣ ስፌቱን እያየሁ ልልበሰው» አለኝ።

ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። የአባቴን ስልክ በሽቦ አገናኘሁት። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ሌላ መሣሪያ አለ፤ የስልኩን ገጽ አዘንብሎ፣ አንዱን ንብርብር ከአንዱ ለያይቶ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ያሳያል። አባቴ ይህን ሲያይ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። «ይሄ ፊቱ፣ ይሄ ገበሩ፣ ይሄ መሐል የሚገባው ጠንካራው ጨርቅ» እያለ በጣቱ ቆጠረ። ከገበሩ ሥር ደግሞ ሌላ የረሳሁት ባዶ ሳጥን አገኘ። ከኔ በፊት አገኘው! ሁለታችንም እስክንደክም ሳቅን።

ሥራው ለሦስት ቅዳሜ ሄደ፤ አባቴ እንዳለው ሦስት ፕሮቫ። ባዶዎቹን ሳጥኖች አነሳሁ። ቁመታቸውን ቆርጬ የወሰንኩትን ሁሉ ፈትቼ ከፊደሉ ጋር እንዲያድጉ አደረግኩ። ገጹ በጣት እንዲሳብ አደረግኩ። «አስቀምጥ» የሚለውን ከስክሪኑ ግርጌ ላይ፣ የትም እንዳይሄድ አሰርኩት። በየጊዜው ስልኩን ለእሱ እሰጥና እጄን ከኋላዬ አጣምሬ እቆማለሁ። አለመናገር ለኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሁለተኛው ፕሮቫ «ወገብ» የሚለው አሁንም ጠቦት ተገኘ። በሦስተኛው አባቴ ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አንድ በአንድ ተመለከተው።

«አሁን ሁሉም ይተነፍሳል» አለ። «ማንን ልለካ?»

ሱቁ ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም። «እኔን።»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ ፊት ለመለካት ስቆም ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ያን ቀንም ያዝኩ። «ተንፍሺ፣ ያለበለዚያ ደረትሽ ይዋሻል» አለኝ፣ እንደ ድሮው። ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ወገቤን በጉራጊኛ እየቆጠረ ለካ። ከዚያ መኪናው ላይ ተቀምጦ በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ጻፈ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። መጨረሻው ላይ ያለውን ማስታወሻ የሚለውን ቦታም ሞላ፤ ምን እንደጻፈ ለማየት ስጠጋ በክርኑ ከለከለኝ። ከዚያ አስቀምጥ የሚለውን አገኘው። ነካው።

«ተቀምጧል» አለ ስልኩ።

«ገባ እኮ!» አለ አባቴ። «ገባ! ወጥቼ ልመለስና ልይ።» አፑን ዘግቶ ከፈተው። ስሜ አለ። ደግሞ ዘግቶ ከፈተው። አሁንም አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ኧረ እንዲያውም ብያለሁ፤ የታክሲው ረዳት ዳግመኛ ዞሮ አየኝ።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። ስለ መዝጋት ያነሳ ሰው የለም። ደብተሩ ብርድ ልብሱ ሥር አሁንም አለ፤ አባቴ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገለበጠ፣ የማይነበበውን ቁጥር ባለቤቱን እየጠራ እንደገና እየለካ ነው። ሰዉ በዚህ ሰበብ ሱቁ እየገባ ይጫወታል። ዘበኛው እንኳን፣ ሱሪው ልክ ከሆነለት በኋላ፣ «ምናልባት ቁመት ጨምሬ ይሆናል» ብሎ ለመለካት መጥቷል አሉ።

ከፋሲካ አንድ ወር በኋላ አባቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ነው። ለበስኩት፤ ልክክ አለብኝ። ቢሮ ለብሼው ሄጄ ቀኑን ሙሉ ሳልቀመጥ ዞርኩ። ማታ ሳወልቀው እጅጌው ውስጥ አንድ ወፍራም ነገር ዳሰስኩና ገበሩን ገለበጥኩት። እጅጌው ጫፍ፣ በስተጎኑም፣ ትርፍ ጨርቅ በጥንቃቄ ታጥፎ ተሰፍቷል።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። «አባዬ፣ ይሄ ትርፍ ምንድን ነው? ሠላሳ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው። ከዚህ ወዲህ የማድገው ወደ ጎን ብቻ ነው።»

አባቴ ስልኩን ከኪሱ አወጣና አፑን ከፍቶ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ተራ ላይ ስሜ አለ። ከትከሻው፣ ከደረቱ፣ ከወገቡ ሥር፣ ያን ቀን በክርኑ ከልሎ የጻፈው ማስታወሻ አለ። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ቀዩ መስመር በዙሪያው እንደታጠረ ነው፤ አንዱም አልተቆረጠም።

«ሁለት ጣት ትርፍ» ይላል። «ገና ታድጋለች።»